ከንዑስ ተቋራጭነት ወደ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅነት፦ በጅማ ለሚሠሩ የቴክኒክ ባለሙያዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በጅማና በዙሪያዋ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የሳኒተሪ፣ የፊኒሺንግ ወይም የኔትወርክ ሥራ በውል እየያዘ የሚያስረክብ ባለሙያ ሥራውን ከተካነ በኋላ ከሁለት አንዱን መምረጡ አይቀርም፤ ወይ ድርጅቱን አሳድጎ ደረጃ ያለው ሥራ ተቋራጭ ይሆናል፣ ወይም የሌሎችን ሥራ አቀናጅቶ እስከ ርክክብ የሚያደርስ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይቀጠራል። ይህ መመሪያ ሁለተኛውን ለመረጡ ሰዎች የተጻፈ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከሕንፃ ግንባታ የተወሰዱ ቢሆኑም፣ የማሽን ተከላ ወይም የኔትወርክ ዝርጋታ በውል ለሚሠራ ሰውም አካሄዱ ያው ነው።

ብዙ ሰው ሽግግሩን የሚጀምረው ሥልጠናና የምስክር ወረቀት በማፈላለግ ነው። በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ተቋራጭ የሆነ ሰው የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ከሚያደርገው ነገር አብዛኛውን ቀድሞውኑ ያደርጋል፤ የሚጎድለው ያደረገውን በጽሑፍ ማሳየት፣ እንዲሁም በገዛ እጁ የማይሠራውን ሥራ በጊዜው እንዲያልቅ የማድረግ ልምድ ነው። ሁለቱንም አሁን በያዘው ውል ውስጥ ሆኖ መጀመር ይችላል።

በመጀመሪያ የሚለወጠውን ነገር ይለዩ

የአንድ ጂ+2 (ከምድር ቤቱ በላይ ሁለት ፎቅ ያለው) ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል፣ ቅዳሜ ጠዋት አርማታ ሊሞላበት ነው እንበል። ከዋናው ተቋራጭ የኤሌክትሪኩን ሥራ ብቻ የወሰደው ንዑስ ተቋራጭ የሚያሳስበው ነገር ውስን ነው፤ ሽቦ የሚያልፍባቸው የኮንዲውት ቱቦዎችና የመብራት ሳጥኖቹ በፌሮው (በአርማታው ብረት) መካከል በቦታቸው መታሰራቸውን፣ ተለክተውም በሚቀጥለው የክፍያ ሰርተፊኬት (የተለካው ሥራ በሚከፈልበት ሰነድ) ውስጥ መግባታቸውን ያረጋግጣል። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ግን ሌሎች ናቸው። ካሳፎርማው (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) በሌቭል ተፈትሿል ወይ? ፌሮው በሥዕሉ መሠረት ታስሯል ወይ? የሳኒተሪ ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተትቷል ወይ? ለአማካሪው መሐንዲስ የፍተሻ ጥያቄ በጽሑፍ ገብቷል ወይ? ሲሚንቶው፣ አሸዋውና ጠጠሩ ለሙሉው ሶሌታ ይበቃሉ ወይ? ሚክሰሩና ቫይብሬተሩ ነዳጅ አላቸው ወይ? ዝናብ ቢጥል አርማታው የሚሸፈንበት ፕላስቲክ የት ነው ያለው? ከእነዚህ አንዱንም በገዛ እጁ አይሠራም፤ አንዱ ቢጎድል ግን ተጠያቂው እርሱ ነው።

ተቋራጭ የሚከፈለው ተለክቶ ለተረጋገጠ ሥራ ሲሆን፣ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ የሚመዘነው ሌሎች ሰዎች በሰዓቱ እንዲወስኑና በሰዓቱ እንዲሠሩ በማድረጉ ነው። የገንዘቡም ነገር ይለወጣል። ተቋራጭ የራሱን ገንዘብ ስለሚያወጣ ከሱቅ ቆሞ መወሰን ይችላል፤ ሥራ አስኪያጅ ግን የሌላ ሰው ገንዘብ ስለሚያወጣ እስከ ስንት ብር ድረስ በራሱ ፊርማ መግዛት እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ማንን ማስፈቀድ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ከቴክኒክ የመጡ ሰዎችን በብዛት የሚጥለው የለመዱት ሙያ ስበት ነው። ኤሌክትሪሺያን የነበረ ሥራ አስኪያጅ ሳይት ሲገባ እግሩ ወደ ፓነል ቦርዱ ያመራል፤ ጉድለት ሲያይም ፒንሳ ተቀብሎ ራሱ ያስተካክላል። በዚያ ሰዓት የጣሪያው ቆርቆሮ አለመታዘዙን የሚያስታውስ ሰው በሳይቱ ላይ የለም። ይህን ዝንባሌ በራስዎ ላይ ካዩ፣ ሳይት ሲገቡ የገዛ ሙያዎን በመጨረሻ የመጎብኘት ልማድ ይያዙ።

በጅማ የት እንደሚፈለጉ ይወቁ

ከአዲስ አበባ መጥተው በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት ወይም በሰቃ ሳይት የሚከፍቱ ጠቅላላ ተቋራጮች የአካባቢውን ባለሙያ የሚፈልጉበት በቂ ምክንያት አላቸው። ሠራተኛ ከየት እንደሚገኝ፣ የትኛው የጠጠር አቅራቢ ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ የትኛው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ለእነርሱ ዋጋ አለው። ስለዚህ ፈጣኑ መግቢያ ይህ ነው። በአሠሪው በኩል ደግሞ በየግቢው ግንባታና ጥገና የማይቋረጥበት ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠሩ ድርጅቶች፣ እንዲሁም ማጠቢያና መፈልፈያ የሚያስገነቡ የቡና ነጋዴዎች አሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ መደብ የትምህርት ደረጃና የአገልግሎት ዘመን በደንብ ስለሚወስን፣ ዲግሪ የሌለው ባለሙያ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው እዚያ ይቸገራል፤ በግል ድርጅት ግን ልምዱ ራሱ ሊያስገባው ይችላል።

መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ፕሮጀክት ሲሉ በአብዛኛው የሕንፃ ሥራ ማለታቸው አይደለም፤ ለጋሹ በመደበው በጀት፣ በተወሰነ ጊዜ፣ በሚለካ ውጤት የሚመራ መርሐ ግብር ማለታቸው ነው። የምንጭ ማጎልበት፣ የውሃ መስመር ዝርጋታና የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ግንባታ ያላቸው ፕሮጀክቶች ግን ሁለቱን ዓለም ስለሚያገናኙ ለቧንቧና ለግንባታ ባለሙያ ምቹ ናቸው።

የመጀመሪያው ቅጥርዎ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ የሚል ስያሜ ባይኖረው አይከፉ። ከንዑስ ተቋራጭነት ለሚመጣ ሰው የተሻለ ሆኖ የማየው ወንበር የኦፊስ ኢንጂነር ወይም የረዳቱ ነው፤ የቴክኦፍ ሺት (የሥራ መጠን የሚሰላበት ቅጽ)፣ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ የለውጥ ሥራና የደብዳቤ ልውውጥ ሁሉ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለሚያልፉ ፕሮጀክቱ የሚመራበት መረጃ በሙሉ እዚያ ይገኛል። የሳይት ኢንጂነርነት ብርቱ ሙያ ቢሆንም፣ ሰውን በለመደው የእጅ ሥራ አጠገብ ያቆየዋል።

ያለፉትን ውሎች ወደ ማስረጃ ይለውጡ

ያከናወኗቸውን ሥራዎች ፋይል በሙሉ ያውጡ። የውል ሰነድ፣ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤ፣ የተላኩና የመጡ ደብዳቤዎች፣ የቁሳቁስ ደረሰኞች፣ የሠራተኛ ክፍያ ዝርዝር፣ በስልክዎ ውስጥ የቀሩ ፎቶዎች ሳይቀሩ ይሰብስቡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ውል አንድ ገጽ ይጻፉ። በገጹ ላይ የሥራው ዓይነት፣ የውሉ መጠን፣ በውል የተሰጠው ጊዜና በእርግጥ የፈጀው ጊዜ፣ በአንድ ቀን ያሠማሩት ከፍተኛ የሠራተኛ ብዛት፣ በመካከል የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ሥራ፣ የገጠመ መሰናክልና የተወሰደ እርምጃ ይስፈሩ። የዘገየ ውል ካለም አይደብቁት፤ መዘግየቱ ከምን እንደመጣና በምን ሰነድ እንደተመዘገበ ማስረዳት የሚችል አመልካች፣ ሁሉ ነገር ሰምሮልኛል ከሚለው የበለጠ ይታመናል።

ይህ ገጽ ሲቪዎ የሚወጣበት ምንጭ ነው። የተለመደው ሲቪ «የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ሠርቻለሁ» ይላል፤ ቀጣሪው ከዚህ ስለ አመራር ምንም አያነብም። በምትኩ ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «የአንድ ጂ+2 ሕንፃ የኤሌክትሪክ ሥራ በ4 ወር ውል ይዤ 11 ሠራተኞችን መርቻለሁ፤ ፓነል ቦርዱ ከአዲስ አበባ በመዘግየቱ የመብራትና የሶኬት ገጠማውን በማስቀደም የሥራውን ቅደም ተከተል ቀይሬያለሁ፤ ከልስን ተቋራጩ ጋር ፎቅ በፎቅ የምንረካከብበትን ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ሥራው በውሉ ጊዜ ውስጥ ጊዜያዊ ርክክብ ተደርጎበታል።» ሁለተኛው ጽሑፍ ዕቅድን፣ ሰውን፣ መሰናክልንና ውጤትን ይዟል። ቁጥሮቹ ከፋይልዎ የወጡ መሆን አለባቸው፤ ጅማ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ስለሆነች የተጋነነ ሲቪ የከተማዋን መርካቶ ሳይሻገር ይጋለጣል።

የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ከአሠሪዎች ሲጠይቁ፣ «በጥሩ ሁኔታ አጠናቋል» ከሚለው የተለመደ ቃል በተጨማሪ የውሉ ጊዜ መጠበቁን፣ ከሌሎች ተቋራጮች ጋር የነበረውን ቅንጅትና የሰነድ አያያዝዎን እንዲጠቅስ በትሕትና ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ደብዳቤውን የሚያረቅቁት እርስዎ ራስዎ እንዲሆኑ ይጠየቃሉ፤ ረቂቁን አዘጋጅተው መሄድ ለሁለታችሁም ጊዜ ይቆጥባል።

አሁን በያዙት ውል ውስጥ እንደ ሥራ አስኪያጅ መሥራት ይጀምሩ

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚጠይቅ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ውል በዚህ መንገድ ሳይሠሩ ማመልከት አልመክርም።

በየዕለቱ የሳይት ማስታወሻ ይያዙ። የአየሩ ሁኔታ፣ የተገኘው ሠራተኛ ብዛት በሙያ፣ የገባ ዕቃ፣ የተሠራው ሥራ በመጠን፣ የቆመ ሥራና የቆመበት ምክንያት፣ በቃል የተሰጠ ትእዛዝና የሰጠው ሰው ይጻፉ። አሥር ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ሲነሳ ከዚህ ማስታወሻ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

በሳይት ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ራስዎ ይያዙ። አብዛኛው ሰው እንደ ሸክም የሚያየው ይህ ሥራ ከሁሉም ተቋራጮች ጋር ያገናኝዎታል። የቃለ ጉባኤው ፍሬ የተወሰነው ጉዳይ፣ የሚፈጽመው ሰውና የሚፈጸምበት ቀን ነው። «የአሸዋ እጥረት በአስቸኳይ እንዲፈታ ተወስኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። «የአቅርቦት ክፍሉ ሁለት ቢያጆ አሸዋ እስከ ጥር 12 ቀን ሳይት ያደርሳል፤ ካልደረሰ የጥር 14ቱ ሙሌት ወደ ጥር 17 ይሸጋገራል» የሚለው ግን ኃላፊውንም መዘዙንም ያሳያል። ቃለ ጉባኤውን በማግሥቱ አስፈርመው ለሁሉም ያድርሱ፤ በሦስተኛው ቀን የደረሰ ቃለ ጉባኤ ክርክር እንጂ ሥራ አያመጣም።

ደብዳቤ መጻፍ ይልመዱ። በስልክ የተነገረውን ነገር ሁሉ ቁጥር፣ ቀንና «ጉዳዩ» ባለው አጭር ደብዳቤ ያጽኑት፤ ግልባጩ ላይም የተቀባዩን ፊርማና ማኅተም ይቀበሉ። ደብዳቤው ቁጣ አያስፈልገውም፤ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ የትኛውን የውል አንቀጽ እንደሚነካና ምን እንደሚጠየቅ ከገለጸ ይበቃል። የቀኑ ነገር በዋዛ የሚታይ አይደለም፤ ለምሳሌ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) የውል ሁኔታ ተቋራጩ የጊዜ ወይም የገንዘብ ጥያቄ የሚያስነሳውን ክስተት ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ28 ቀን ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። ከወረዳና ከከተማ አስተዳደር ጋር የሚደረገው ልውውጥ በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ቋንቋውን ተናግረው በቁቤ መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ከማንኛውም የሶፍትዌር ሥልጠና በፊት ይህን ያሟሉ። አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ ይጠብቃል፤ በጅማ የሚሠራ ሥራ አስኪያጅ በሦስቱ መካከል ሲመላለስ ይውላል።

የመጪዎቹን ሦስት ሳምንታት ዕቅድ በየሳምንቱ ያዘጋጁ። ዕቅዱ የሚሠራውን ሥራ ብቻ ሳይሆን ሥራው እንዲጀመር መሟላት ያለበትን ነገር ጭምር ይዘርዝር፤ የጸደቀ ሥዕል፣ ናሙና፣ ዕቃ፣ ሠራተኛ፣ ከእርስዎ በፊት ማለቅ ያለበት የሌላ ሰው ሥራ። ይህን ዝርዝር ለዋናው ተቋራጭ የሳይት ኃላፊ መስጠት ሲጀምሩ፣ ሳይጠሩ ወደ ፕሮጀክቱ ዕቅድ ክፍል ገብተዋል ማለት ነው።

ዕቅድዎ የጅማን ዓመት የሚያውቅ ይሁን። ከተማዋ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም የሚጀምረው ሰኔ ሲገባ ሳይሆን ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ ነው። ለደረቅ አካባቢ የተዘጋጀ የሥራ መርሐ ግብር እዚህ ተገልብጦ ሲመጣ ቁፋሮውና የመሠረት ሥራው ጭቃ ውስጥ ይወድቃል፤ በተለይ ዝናብ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ባለበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ደግሞ ቡና ይለቀማል፤ የቀን ሠራተኛው ወደ ለቀማው ስለሚያዘነብል፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት በዚያው ወቅት የሰው እጥረት ይመጣል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በግንቦትና በሰኔ የክፍያ ሰነዶች ይጨናነቃሉ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ያልገባ ሰርተፊኬት ለአዲሱ በጀት መጠበቅ ሊያስፈልገው ይችላል። ዓርብ የመንግሥት ቢሮ የምሳ ዕረፍት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው፤ የሳይቱም ሠራተኛ በብዛት ጁምዓ የሚሰግድ ስለሆነ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የሚያርፍ የሶሌታ ሙሌት ማቀድ ተገቢ አይደለም።

የጊዜ ሰሌዳን ከሥራ ዝርዝር ይለዩ

ብዙ ተቋራጭ መርሐ ግብር የሚለው የሥራዎችን ዝርዝርና ቀናቸውን ነው። ሥራ አስኪያጅ ከዚህ አልፎ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚያስጠብቅ፣ ከሰንሰለቶቹ ሁሉ ረጅሙ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት። አንድ ትንሽ ምሳሌ እንመልከት። የግድግዳ ልስን 14 ቀን፣ ቀጥሎ ሽቦ መሳብ 8 ቀን፣ ቀጥሎ የማብሪያና የሶኬት ገጠማ 6 ቀን ይፈጃል። በሌላ በኩል ፓነል ቦርድ ከአዲስ አበባ አዝዞ ለማስመጣት 25 ቀን፣ ለመትከል 4 ቀን ያስፈልጋል። ሁለቱም ሲያልቁ ፍተሻው 3 ቀን ይወስዳል። የመጀመሪያው መንገድ ከነፍተሻው 31 ቀን፣ ሁለተኛው 32 ቀን ይሆናል። ሠላሳ ሰው በልስኑና በሽቦው ላይ ሲሯሯጥ ዓይን የሚስበው እዚያ ቢሆንም፣ ሥራውን የሚያስረው ረጅም መንገድ አንድ ሰው በስልክ የሚከታተለው የፓነል ቦርዱ ትእዛዝ ነው። ልስኑ አንድ ቀን ቢዘገይ ርክክቡ አይነካም፤ ትእዛዙ አንድ ቀን ቢዘገይ ግን ርክክቡ አንድ ቀን ይዘገያል። ይህን በወረቀት ላይ በእጅዎ መሥራት ሲችሉ ኤምኤስ ፕሮጀክት ወይም ፕሪማቬራ መማር ቀላል ይሆናል፤ ሳይችሉ የተማሩት ሶፍትዌር ግን የተዋበ ስህተት ብቻ ያትማል። በነጻ የሚገኘው ፕሮጀክትሊብሬም ለመለማመጃ ይበቃል። ፕሮግራሞቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠሩ፣ ለአማካሪው በሚሰጠው ቅጂ ላይ የኢትዮጵያን ቀን ጎን ለጎን ያስገቡ፤ ጳጉሜንንም አይርሱ።

የገንዘቡን ቋንቋ ያጥብቁ

ቅድመ ክፍያን፣ አሠሪው ከክፍያ ቀንሶ የሚያቆየውን የመያዣ ገንዘብ፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናንና የጉድለት ማስተካከያ ጊዜን ከተቋራጭነትዎ ያውቋቸዋል፤ አዲስ የሚሆንብዎ ጊዜን፣ ሥራንና ወጪን በአንድ ላይ ማየት ነው። ጠቅላላ በጀቱ 10 ሚሊዮን ብር የሆነ ሥራ እስከ ጥር መጨረሻ 40 በመቶው ማለቅ ነበረበት እንበል፤ ያለቀው ግን 30 በመቶው ሲሆን የወጣው ወጪ 3.6 ሚሊዮን ብር ነው። ወጪው ከታቀደው 4 ሚሊዮን በታች ስለሆነ የሒሳብ ክፍሉ ደስ ሊለው ይችላል። እውነታው ግን 3.6 ሚሊዮን ብር ወጥቶ የተገኘው የ3 ሚሊዮን ብር ሥራ ብቻ መሆኑ ነው፤ ለወጣው ለእያንዳንዱ ብር የተገኘው የ83 ሳንቲም ገደማ ሥራ ነው። አካሄዱ ካልተስተካከለ ሥራው በ12 ሚሊዮን ብር ያልቃል፣ ያውም ዘግይቶ። በራስዎ ውል ላይ ይህን ስሌት በየወሩ መጨረሻ ይሥሩት፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ከራስዎ ሥራ የተወሰደ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ማውጣት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ትምህርትና የምስክር ወረቀት

አሁን ሥልጠናው ቦታ አገኘ። ዲግሪ ያለው ሰው በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የፕሮጀክት ማኔጅመንትና ፋይናንስ የማስተርስ ትምህርት ሊያስብ ይችላል፤ ወደ አማካሪ ድርጅት ወይም ወደ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ለሚያመራ ሰው የበለጠ ይጠቅመዋል። ዓለም አቀፉ ፒኤምፒ የሚባለው ምስክር ወረቀት የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው አመልካች ፕሮጀክት በመምራት የተገኘ የ36 ወር ልምድና የ35 ሰዓት የፕሮጀክት አመራር ትምህርት ይጠይቃል። ሁለተኛ ደረጃን ብቻ ላጠናቀቀ ሰው የሚጠየቀው ልምድ 60 ወር ነው። ከላይ የተጠቀሰው የእያንዳንዱ ውል አንድ ገጽ እዚህም ያገለግላል፤ ማመልከቻው ልምድን ፕሮጀክት በፕሮጀክት እንዲያብራሩ ይጠይቃልና። ልምዱ ያልሞላለት ካፒኤም በሚባለው የጀማሪዎች ምስክር ወረቀት መጀመር ይችላል፤ እርሱ ልምድ ሳይጠይቅ የ23 ሰዓት ትምህርት ይፈልጋል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ከመመዝገብዎ በፊት እንዴት እንደሚከፍሉ ከባንክዎ ጋር ይጨርሱ። በአካባቢ ተቋራጭ ዘንድ ለመቀጠር ግን ይህ ምስክር ወረቀት ግዴታ ሆኖ አላየሁም።

ማመልከትና ቃለ መጠይቅ

ክፍት የሥራ ቦታ በማስታወቂያ ብቻ አይጠብቁ። አብረዋቸው የሠሩ አማካሪ መሐንዲሶችና የሳይት ኃላፊዎች አዲስ ሳይት መቼና የት እንደሚከፈት ከማስታወቂያው በፊት ያውቃሉ፤ ቃለ ጉባኤዎን ሲያነቡ ከኖሩ ደግሞ ስምዎን ለማንሳት አይቸገሩም።

ለንዑስ ተቋራጭ የሚቀርበው ከባዱ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ «የሙያ ባልደረባዎ የነበረ ተቋራጭ ሥራ ቢያዘገይ ምን ያደርጋሉ?» «አነጋግሬ አስማማለሁ» የሚለው መልስ ደካማ ነው፤ «እቀጣዋለሁ» የሚለውም ሳይቱን ያቆማል። የተሻለው መልስ በደረጃ የሚሄድ ነው፤ መጀመሪያ መዘግየቱ ከእርሱ ነው ወይስ ከእኛ ብሎ ማጣራት፣ ቀጥሎ ቀን የተቆረጠለት የማካካሻ ዕቅድ ከእርሱ መቀበል፣ ካልፈጸመ በውሉ መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቅ፣ ጎን ለጎንም የእርሱን ሥራ ተከትለው የሚመጡትን ሥራዎች በሌላ አቅጣጫ ማስጀመር። የመጨረሻው ነጥብ አመራርን ከቁጥጥር ስለሚለይ ሳይጠየቁም ቢሆን ያንሱት።

ደመወዙንና ውሉን ይመርምሩ

ደመወዙን በጥሩ ወራት ከሚያገኙት ገቢ ጋር ሳይሆን ከሙሉ ዓመት ትርፍዎ ጋር ያወዳድሩ። ለማሳያ ያህል፣ በዓመት 1,800,000 ብር የሚያወጣ ሥራ ተረጋግጦልዎት ለቁሳቁስና ለሠራተኛ 1,350,000፣ ለመጓጓዣና ለመሣሪያ 90,000 አውጥተው፣ 5 በመቶው ማለትም 90,000 ብር በመያዣ ቢቀመጥ በእጅ የሚቀረው 270,000 ነው፤ ግብር ሳይቀነስ በወር 22,500 ብር ማለት ነው። የመያዣው ገንዘብ የእርስዎ ቢሆንም የሚለቀቅበት ቀን በእርስዎ እጅ አይደለም። በደመወዙ በኩል አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣውን 11 በመቶ ይደምሩ፤ ከእርስዎ 7 በመቶ ይቆረጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለ፤ የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ውሉ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተወሰነ ከሆነ፣ ፕሮጀክቱ በበጀት እጥረት ቢቆም ምን እንደሚሆን፣ የሳይት አበልና የማደሪያ ወጪ ማን እንደሚሸፍን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።

የራስዎን ድርጅት ጉዳይም ሳይቋጩ አይግቡ። በእጅ ያለውን ውል እስከ ርክክብ ያድርሱ ወይም በአሠሪው ፈቃድ ለሌላ ያስተላልፉ፤ ያልተለቀቀ የመያዣ ገንዘብና የጉድለት ማስተካከያ ግዴታ ካለ ማን እንደሚከታተለው ይወስኑ። የንግድ ፈቃዱን የሚመልሱ ከሆነ የግብር ክሊራንስ ስለሚያስፈልግ ከግብር ጽሕፈት ቤቱ ጋር በጊዜ ይጀምሩ፤ ዝም ብሎ የተተወ ፈቃድ ቅጣት ያጠራቅማል። ፈቃዱ በስምዎ ወይም በቤተ ዘመድ ስም የሚቀጥል ከሆነ ለአዲሱ አሠሪ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ያ ድርጅት በሚመሩት ፕሮጀክት ላይ ዋጋ እንዳያቀርብም ያድርጉ።

በሙከራው ጊዜ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትእዛዝ ከማብዛት ይልቅ ያንብቡ፤ ዋናውን ውል፣ የሥራ ዝርዝርና ዋጋውን፣ የጸደቀውን መርሐ ግብር፣ ያለፉትን ሦስት የክፍያ ሰርተፊኬቶች፣ መልስ ያላገኙ ደብዳቤዎችን። ከዚያ የግዥ ፈቃድ ገደብዎን፣ ከሳይት ኢንጂነሩና ከፎርማኑ ጋር ያለውን የሥራ ክፍፍል በጽሑፍ ያስወስኑ። በዕድሜ የሚበልጥዎትን ፎርማን በጋሼነቱ ያክብሩት፤ ትእዛዙን ለካፖዎቹ (ለየሠራተኛ ቡድኑ አለቆች) በእርሱ በኩል ያሳልፉ እንጂ ዘለው አይዘዙ። የቀድሞ ባልደረባዎ የሚሠራውን ሥራ ልኬት ግን በሌላ ሰው ያስለኩና በፊርማ ያረጋግጡ። ከዚያም መልስ ካላገኙት ደብዳቤዎች ውስጥ ረጅሙን ሰንሰለት የሚነካውን መርጠው መልሱን በዚያው ሳምንት ያስወጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የአማካሪው ውሳኔ የዘገየበት የናሙና ወይም የሥዕል ጥያቄ ነው።